የሙሴ ጋስቶን ወይንና የአባቴ ቱፍታ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት በምሽት፣ የመግሪብ ሶላት እንዳለቀ ነው። ዝናቡ ከከዳን ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ገብሱ ከመሬት ሳይነሳ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ አባቴ ሼህ እንድሪስ ቁርዓን የሚያስቀሯቸው ደረሶች፣ ተማሪዎቻቸውም አንድ በአንድ ተበትነው ቤታችን ጭር አለ። ከአዲስ አበባ በኩል ደግሞ ወታደሩ ተነሥቷል፣ ንጉሡ ሊወርዱ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣል። እኔ ከቆዳ ነጋዴዎች ጋር ወደ አሰብ እወርዳለሁ አልኩ። አባቴ ተቆጡ፤ "መሞትም ከሆነ ከወገን ጋር ይሻላል" አሉ። አልሰማኋቸውም። እናቴ ቆሎ በስልቻ ቋጠረችልኝ። ከየት እንዳገኘችው አልጠየቅኳትም።

ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ግን ልንገረው። በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲመርቅ ዱዓውን አድርሶ በመጨረሻ "ቱፍ" ይላል፤ ምራቁ መዳፍህ ላይ ጠብ ሲል አንተም "አሚን" ብለህ ፊትህን ታብስበታለህ። ያለ ቱፍታ ምርቃት ያለቀ አይመስለንም። አባቴ ዱዓቸውን አደረጉ። ከዚያ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጄን እንደዘረጋሁ ጠበቅሁ።

"ሂድ እንግዲህ" አሉኝ።

ደረቅ መዳፌን ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ቆሎውን እየቆረጠምኩ በሆዴ ከአባቴ ጋር ስሟገት ነበር። ለልጅ ቱፍታ ይነፈጋል? ደሴ ደረስን፣ በባቲ አድርገን ቆላ ወረድን፣ አሰብ ላይ ሙቀቱ እኔን ደገኛውን ሊያቀልጠኝ ደረሰ፤ እኔ ግን አሁንም እየተሟገትኩ ነው። መርከብ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ወደብ ገባሁ። ባለቅስም ከሽንኩርቱ የሚለየው አልነበረም።

የወደቡ ሹም በአንድ የጅቡቲ ሰው አስተርጓሚነት ጠየቀኝ።

"ከየት ነህ?"

"ከወሎ።"

"ረሃብ ያለበት? በቴሌቪዥን አይቻለሁ። አንተ ግን አልከሳህም።"

"የከሱት መምጣት አልቻሉም፣ ሙሴ።"

አስተርጓሚው አየኝና ይህችን ሳይተረጉማት ቀረ። ምን ብሎ እንዳሳለፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወይን ለቀማ ሰው ይፈለጋል ሲሉኝ ወደ ቦርዶ አገር ሄድኩ። ብርዱ በአገሬ ያለውን የጃማን ሜዳ ብርድ ያስታውሳል፤ የእነሱ ግን እርጥብ ነው፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ አብሮህ ይተኛል። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያገኝህ "ቦንዡር" ብሎ ያልፋል እንጂ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ ከብትህ፣ ስለ አዝመራህ አይጠይቅም። ክፍል ያከራየችኝ ማዳም ኦዴት ግን ጥያቄ ነበራት።

"ወይን ትጠጣለህ?"

"አልጠጣም።"

"በሽተኛ ነህ?"

"ሙስሊም ነኝ።"

"እሱስ ይሁን፤ ግን ማታ ማታ ምን ታደርጋለህ?"

"እተኛለሁ።"

"ምስኪን!" አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ።

ለቀማው ሲያልቅ የወይን ጓዳው ኃላፊ ሙሴ ጋስቶን፣ በእኛ አቶ ጋስቶን መሆኑ ነው፣ በርሜል አጣቢ አድርጎ አስቀረኝ። ፂሙ የነጣ፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ ነው። የሼህ ልጅ ወይን ጓዳ ውስጥ! ልቤ አላረፈም፣ ሌላ ሥራ ግን አልነበረም። ያ ወይን ደግሞ ተራ ወይን አይደለም። ባለጸጋው ለልጁ ሠርግ አስቀምጦ የሚያቆየው፣ ስሙ ሲጠራ ድምፅ ዝቅ የሚደረግለት ቀይ ወይን ነው።

አንድ ቀን ገዢዎች መጡ። ሙሴ ጋስቶን አሮጌ ጠርሙስ ከፈተ፣ እኔ መብራት ያዝኩለት። ብርጭቆውን ከግማሽ በታች ቀዳው። ለእንግዳ እንዲህ ይቀዳል እንዴ፣ ምን ዓይነት ንፉግ ሽማግሌ ነው ብዬ አፈርኩለት። ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ አፍንጫውን ከተተበት፣ ተጎነጨ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ እህል አላመጠው። ከዚያ አጠገቤ ወደነበረው ባልዲ እንትፍ አለው! ከረሃብ አገር የመጣ ሰው አፍ የገባ ነገር ሲተፋ ማየት ያመዋል። እኔ ግን ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም። ፍንጣቂው እጄ ላይ ሲያርፍ መዳፌ በራሱ ተዘረጋ፣ "አሚን!" ብዬ ፊቴን በወይን አበስኩ።

ገዢዎቹ በሳቅ ሞቱ። ሙሴ ጋስቶን አልሳቀም። እስኪሄዱ ጠብቆ ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬና በእጄ ነገርኩት፤ አባቴ ሳይተፉልኝ መቅረታቸውንም ጨምሬ ነገርኩት። ከዚያ ብርጭቆውን አቀረበልኝ።

"አትጠጣም። ግን ማሽተት ትችላለህ" አለኝ።

አሸተትኩ። የኮመጠጠ ነገር ብቻ ነው የሸተተኝ።

"ገና ተኮሳትሯል። ሲከፈት እንዲህ ነው፣ ታገሠው" አለኝ።

ቆይቼ ስመለስ ያው ብርጭቆ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። መጀመሪያ የበሰለ እንጆሪ መጣ፣ ቀጥሎ አዲስ የተፈለጠ ጥድ፣ ከሥሩ ደግሞ አሮጌ ቆዳ። የአባቴ ኪታብ ሽፋን ነው! ለሶላት ሲነሱ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። ባዶ ባልዲ ገልብጬ ላዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ባሸተትኩ ቁጥር ምን አገኘህ ይለኛል። ጠርሙስ በበዛበት ቀን ደግሞ ዳቦና ውሃ አምጣልኝ ይላል፤ ይህ ወይን አፍ ያደርቃል፣ ደረቅ አፍ መትፋትም አይችልም እያለ። ወይን ተጎንጭቶ አፍ ደረቀ ሲባል ሰምቼ አላውቅምና እስቅበት ነበር።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አባቴ በበቅሎ ወረኢሉ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ መጥተው አጎቴ ሱቅ ውስጥ ባለው ስልክ እንድናወራ በደብዳቤ ተቀጣጠርን። ሙሴ ጋስቶን ቢሮውን ለቀቀልኝ። አገር በመልቀቄ ብቻ ቱፍታ የነፈጉኝ አባት፣ ወይን ጓዳ መግባቴን ሲሰሙ ምን ሊሉኝ ነው?

"ይመር! አለህ ወይ?"

"አለሁ አባዬ፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ደህና ነዎት? እናቴስ?"

"ሁላችን አለን። ምን ሥራ ያዝህ?"

መዋሸት አልሆነልኝም።

"ወይን ጓዳ ነው አባዬ። በርሜል አጥባለሁ። አልጠጣም።"

መስመሩ ተንሿሿ።

"ተቆጡኝ? ያኔም ተቆጥተው ቱፍታዎን ነፈጉኝ" አልኩ።

"ማነው የነፈገህ?"

"እርስዎ ነዎት! እጄን ዘርግቼ ሳለ ፊትዎን አዞሩብኝ።"

"ያ ረቢ!" አሉ። "ልጄ፣ አፌ ደርቆ ነው። እህል ካፌ ከገባ ሰንብቶ ነበር፣ ምራቅ አልነበረኝም። ቆሎዋ የመጨረሻችን ነበረች። ካወቅህ ትመልሳታለህ ብዬ ነው ፊቴን ያዞርኩብህ።"

ያን ቆሎ አባቴን እያማሁ ነበር የቆረጠምኩት።

"አብሽር፣ አታልቅስ" አሉኝ። "ሥራውን ሌላ ስታገኝ ትተወዋለህ። አሁን እጅህን ዘርጋ።"

በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ ሌላውን ዘረጋሁ። ዱዓቸውን ጀመሩ፤ ለጤናዬ፣ ለመንገዴ፣ ለመመለሴ። እኔ አሚን እላለሁ። ከዚያ ያ ሁሉ አገርና ባሕር ተሻግሮ "ቱፍ! ቱፍ!" ሲሉ ጆሮዬ ውስጥ ሰማኋቸው።

"ደረሰህ?"

"ደረሰኝ፣ አባዬ።"

መስመሩ ተቋረጠ። አሚን ብዬ ፊቴን አበስኩ። መዳፌ ደረቅ ነበር።