ሰንበቴውን ያሳቅሁበት እሑድ

ከቆዳ ነጋዴ ጋር የተጎራበተ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚኖረው። ይህን እኔ ካላመንኩ ማን ያምናል። ጣሊያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ አገሩ ወደ ንግዱ በገባበት ዘመን፣ ጎንደር ውስጥ ከአንድ ደብር ግርጌ ሰፊ ግቢ ይዤ የበሬና የፍየል ቆዳ እሰበስብ ነበር። ቅዳሜ የገዛሁትን ጨው ነስንሼ፣ በችካል ወጥሬ ለፀሐይ አሰጣዋለሁ፤ ሲደርቅ አሥሬ በጭነት ማኪና ወደ አስመራ እሰደዋለሁ። ሽታው ለእኔ የእንጀራዬ ሽታ ነበር። ለሰፈሩ ግን የቆዳ ሽታ ነበር።

ከግቢዬ በላይ፣ ወደ ደብሩ በሚያወጣው ተዳፋት ላይ፣ የቅኔ መምህሩ ጉባኤ ቤት ነበረ። መምህሩን ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ሠላሳ ግድም ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከላስታ የመጣ አለ፣ ከየት እንደመጣ የማይናገርም አለ። በየጎጇቸው ያድራሉ፤ ረፋድ ላይ አኩፋዳቸውን አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፤ ያገኟትን ቁራሽ ይዘው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። የኔታ ደሞዝ የላቸውም፣ ተማሪዎቹም ቀለብ የላቸውም። ጉባኤው የቆመው በሰፈሩ ቁራሽ ነበር።

ውሻዬን ያመጣሁት ከጠዳ ነው። አንድ ገበሬ «ይኸ ውሻ ሰው አይወድም» ብሎ በነጠላ ለውጦ ሰጠኝ፤ እኔም የምፈልገው ሰው የማይወድ ነበርና ተስማማን። በቀን የምለቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቆዳው ተሰጥቶ ሲውል የጎረቤት ውሻም፣ አሞራም፣ እጁ የማያርፍ ሰውም ይመጣበታል። ችግሩ የግቢዬ ካብ አጭር መሆኑ ነው። መንገደኛ ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ የማያነሣው ውሻ «በእንተ ስማ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ካቡን ዘሎ መንገድ ላይ ነው። የሰፈሩ ውሾች ደግሞ የእሱን ጩኸት ሰምተው ይከተላሉ። ካቡን በሁለት ክንድ ከፍ ማድረግ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። አላደረግሁትም።

ጎረቤቴ ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ግን ያልሞተባት። አንድ ቀን በካቡ ላይ ብቅ ብላ፣

«አያ፣ ምነው ይኸ ውሻህ የማርያምን ስም ሲሰማ የሚነሣበት? ጠበል አታስጠምቀውም?» አለችኝ።

«እታለም፣ ውሻዬ ሰይጣን የለበትም። ሥራውን ነው የሚሠራ።»

«ሥራውስ ድኻ መንከስ ነው?»

«ሀብታም በእግሩ አይመጣ፤ ምን ያድርግ?»

ሳቀችና ተመለሰች። ከገበያ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይኸ ነበር፤ የሳቀ ሰው የመጣበትን ይረሳል።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ውሻው አንዱን ተማሪ ባቱን ነከሰው። ባለቤቴ በጨው ውሃ አጠበችለት፤ ከነጠላዋ ቀድዳ አሠረችለት። የኔታ ዳኛ ፊት ሊያቆሙኝ ይችሉ ነበር፤ አላቆሙኝም። «ለሰንበቴው እናገራለሁ» ብለው ላኩብኝ። ሰንበቴያችን ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ አዳራሽ ዳቦና ጠላ የምንቀምስበት ማኅበር ነው፤ ግን የሰፈሩ ሸንጎም እሱው ነበር። የተደፈነ ቦይ፣ የጠፋች ዶሮ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ሁሉም እዚያ ይታያል። የማኅበሩን አለቃ ሙሴ እንለዋለን፤ እሱ ያለው ይጸናል።

እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባለቤቴ፣

«ምነው አንቱ፣ እሺ ቢሉ ምን ይጎድልብናል? ገመድ አጣን?» አለችኝ።

«ገመድ መቼ ጠፋ። ዛሬ ውሻዬን ያሠረ ሰንበቴ በሚመጣው እሑድ ቆዳህን ከሰፈር አውጣ ይለኛል። ሽታው፣ ሽታው ሲሉ አልሰማሽም?»

«የየኔታ ልጆች በቆዳው ምን አገባቸው?»

«ምንም።»

«እንኳን አወቁት» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ቀደመችኝ።

የኔታ ብዙ አልተናገሩም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና «ውሻ አትያዙ አልልም፤ ሌባ አለ። ረፋድ ላይ ልጆቹ ወጥተው እስኪመለሱ ብቻ እሠሩልኝ» አሉ። ይኸው ነበር። ከአርበኝነት የተመለሰ አንድ ሽማግሌ «ተገቢ ነው» አለ። ጠላ ሻጯም ከሴቶቹ በኩል «የአንዱ ከታሠረ የሌላው ሁሉ ይተኛል» ስትል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሙሴው ዋንጫውን አስቀምጦ «እንግዲህ ሸጋ ነገር ነው፤ ሁላችንም...» ብሎ ሲጀምር፣ ነገሩ ሊቋጭ አንድ ቃል እንደቀረው ገባኝ። ተነሣሁ።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የውሻዬ አይመስለኝም» አልኩ። «ተማሪዎችዎ በግዕዝ ይለምናሉ። ውሻዬ ደግሞ የጠዳ ባላገር ነው፤ ግዕዝ አልተማረም። የሰደቡት እየመሰለው ነው የሚነሣ። ወይ ልጆቹ በአማርኛ ይለምኑ፤ ወይ ውሻውን ለአንድ ክረምት ልላክልዎና ፊደል ያስቆጥሩልኝ። ቀለቡን እኔ እችላለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ሙሴው ነው። ከዚያ አዳራሹ ተነቃነቀ። አንድ ቄስ የጎረሱትን ዳቦ አፋቸው ውስጥ ማቆየት ተቸገሩ። ከወደ ሴቶቹ አንዷ «ዲያቆን ውሻ!» ስትል ሳቁ እንደገና ተነሣ። የኔታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ቢፈልጉ በሁለት ቤት ቅኔ ገፍፈው በራሴ ችካል ሊወጥሩኝ ይችሉ ነበር። ጠበቅኋቸው። እሳቸው ግን ሳቁ እስኪበርድ እንኳ ሳይቆዩ፣

«ተማሪ ቢርበው አይሞትም፤ ይሄዳል» አሉ። «እሱ ሲሄድ ደግሞ እኔ መምህር አይደለሁም። ሽማግሌ ነኝ።»

አጠገባቸው ከነበርነው በቀር የሰማቸው የለም። ሙሴው ዓይኑን እያበሰ «በሉ ይኸ ነገር ይደር» አለ። በእኛ ሰፈር ይደር የተባለ ነገር አድሮ ሲነሣ አይቼ አላውቅም።

ቀልዱ እግር አወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ጨው ነጋዴዎቹ «ተማሪ ውሻህ ከየት ደረሰ? ዳዊት ገባ?» እያሉ ተቀበሉኝ። ከገጠር የሚመጣው ገበሬም ቆዳውን ለሌላ ከማሳየቱ በፊት የባለ ቀልዱን ፊት ማየት ፈለገ። ደስ አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ባለቤቴ ብቻ ከዚያች እሑድ ወዲህ ስለ ውሻው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የሚበላውን ግን እኔ እንድሰጠው ተወችልኝ።

ተማሪዎቹ በእኛ መንገድ ማለፍ ተዉ። መጀመሪያ ወደ ላይኛው ሰፈር ሞከሩ፤ እዚያ ደግሞ የሌላ ደብር ተማሪዎች ቀድመው ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ አዘዞ መንገድ ይወርዱ ጀመር፤ ሲመለሱ ፀሐይ ያዘቀዝቃል፤ ቅኔ የሚነገርበት ሰዓት ያልፋቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱ ወደ ጎጃም ሄዱ። ከዚያ አምስት ሆነው ሄዱ። አንዳንዱ ሲሄድ እንኳ አላየነውም፤ የጎጆው በር ክፍት ሆኖ ሲገኝ ነው የሚታወቀው። መስከረም ሲጠባ ጠላ ሻጯ የወደቀ ጎጆ እንጨት ለጥንስሷ ማገዶ ትለቅም ነበር። ያን ዕለት በካቡ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝና እንጨቷን ተሸክማ ገባች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የኔታ መጻሕፍታቸውን በማኅደር አንግተው፣ አንድ ተማሪ ብቻ አስከትለው በደጄ አለፉ። ውሻው አልተነሣም።

«ወዴት ነው የኔታ?» አልኩ።

«ወደ ወገራ። ተማሪ ወዳለበት።»

«በሰላም ይግቡ» አልኩና ወደ ቆዳዬ ተመለስኩ። አንድ ችካል እየመታሁ ነበር፤ እሱን እስክጨርስ እሳቸው መታጠፊያውን አልፈው ሄደዋል።

በዓመቱ ከተማው ውስጥ እብድ ውሻ ገባ ተባለ። አዋጅ ተነገረ፤ መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ተጣለ። ውሻዬን ካቡ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። የጎረቤቶቼም እንደዚያው። እኛ ስንከራከር የከረምንበት ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ፤ የተጠየቀም የመለሰም የለም።

ያን ሰሞን በሰንበቴ ላይ ሙሴው ጠራኝ። የጉባኤው ዝምታ እሱንም ሳይከብደው አልቀረም። «አንተ ለቆዳ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ትወጣ የለም?» አለኝ። «የኔታ ከዚያው ማዶ አንዲት ደብር ተቀምጠዋል ይላሉ። ለምናቸው። ውሻ አልቋል በላቸው።» እሺ ለማለት አልዘገየሁም። የምለውን ከጭነት ማኪናው ላይ ተቀምጬ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሳበጃጀው ሄድኩ። «የኔታ፣ ቆዳዬን ላድን ብዬ ነው ያዋረድኩዎት» የሚል ነበር። አጭርና ጥሩ ነበር።

የገዛሁትን ቆዳ ገበያ ላይ አስጠብቄ በእግሬ ወጣሁ። የኔታ ከደብሩ አጸድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዙሪያቸው ከሃያ የማያንሱ ተማሪዎች። ሲያዩኝ ተነሡ። እኔ እግራቸው ላይ ልወድቅ ሲገባኝ እሳቸው ቀድመው «ቤት ለእንግዳ!» አሉ፤ ከአንዱ ተማሪ አኩፋዳ የገብስ ቂጣ ቁራሽና የባቄላ ንፍሮ አውጥተው በእጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ሰፈሩ ደህና?»

«ደህና ነው የኔታ። ይመለሱልን ብለው ልከውኛል። ውሻ የሚባል የለም፤ በመርዝ አለቀ።»

«ያንተውም?»

«የኔውም።»

«ነፍስ ይማር አልልህ ነገር» አሉና ፈገግ አሉ።

በዚያው ቅጽበት ከማዶው መንደር የውሻ ጩኸት ተሰማ፤ የወገራ በግ ጠባቂ፣ ድምፁ ከገደል የሚወጣ የሚመስል። ቀጥሎ የአንድ ተማሪ «በእንተ ስማ» የሚል ዜማ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ «ኧረ ያዙት! እሠሩት!» ከዚያ ጸጥ አለ።

«እዚህም ውሻ አለ?» አልኩ።

«ሞልቷል። ካንተው ይከፋል።»

«ታዲያ ልጆቹ እንዴት ይሆናሉ?»

«ሲሰሙ ያሥሩታል።»

የኔታ እንዲህ አሉኝ፦

«ለሙሴው ንገረው። ውሻ አልቋል ብለህ መጣህ፤ ውሻማ ነገም ይወለዳል። ሰንበቴው ተቀምጦ የተማሪ ሰዓት ይከበር ብሎ ወስኖ ይላክብኝ፤ ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ። ያደግሁበት ደብር ነው፤ ልቤ እዚያው ነው።»

ይቅርታዬን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?» የሚል ነበር።

«ሸጋ ነው» አሉ የኔታ።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ይጠብቀኝ ነበር። መልእክቱ የአንድ ትንፋሽ ነገር ነው። ግን ሰንበቴው ይወስን ዘንድ ያቺ እሑድ እንደገና መነሣት አለባት፤ ያቺ እሑድ ስትነሣ የምነሣው እኔ ነኝ። ደግሞም ካቡ ሥር ከጠዳ የመጣ ቡችላ አሥሬ ነበር፤ ቆዳውም እንደ ልማዱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ደክመዋል» አልኩ። «ዕድሜዬ ገፋ፣ መንገድ አልችልም፤ ሰፈሩን እግዚአብሔር ይባርክልኝ ብለዋል።»

ምርቃቱን እንኳ ከራሴ ነው የጨመርኩት። ሴቶቹ ዓይናቸውን አበሱ። ሙሴው «አይ እርጅና!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጠላ ሻጯ ብቻ «ሲሄዱ እኮ ብርቱ ነበሩ» አለች።

«ወገራ ብርድ ነው እታለም» አልኳት።

ሁሉም አመነ፤ ሌላ ሰው አልተላከም። ክረምቱ ገብቶ የቀሩትን ጎጆዎች አፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ተዳፋቱ ላይ ሰው ጌሾ ተከለበት።

ከመስቀል በኋላ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ገበሬ የበሬ ቆዳ ይዞልኝ ገባ። የየኔታን ነገር ጠየቅሁት። በነሐሴ እንዳረፉ ነገረኝ። «መልካም ሰው ነበሩ» አለ። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ከጎንደር የመጣውን ሰው ሁሉ ‹ሰንበቴው ምንም አልላከብኝ?› እያሉ ይጠይቁ ነበር። ምን ይሆን የሚጠብቁት?»

ሰውየው ቆዳውን ዘርግቶ ዋጋውን ጠራ። ሳልከራከር የጠየቀኝን ሰጠሁት።