የከድጁ ሁለት ሚስማሮች

ከቴፒ ወደ ጌጫ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የቡናው ጥላ ዛፎች መታየት ሲጀምሩ፣ የከድጁ ጋራዥ አለ። ጋራዥ ይባል እንጂ ጥቂት ቋሚዎችና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ግድግዳ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ እሱም ላይ ሁለት ትልልቅ ሚስማሮች ተመተውበታል። በአንደኛው የተንጠለጠሉት ከመኪና የወጡ፣ በእርግጥም የሞቱ ሴንሰሮች ናቸው። በሁለተኛው ያሉት ደግሞ ደህና ሆነው ሳለ ሌላ ቦታ ተፈተው የተጣሉ ናቸው። ልዩነቱን ለሚጠይቃት ሰው ከድጁ በፒንሳዋ ወደ ሁለተኛው ሚስማር እያመለከተች፣ «እነዚህ በግፍ የተባረሩት ናቸው» ትላለች። ስትል ፈገግ እንኳ አትልም።

አባቷ አጋሮ ውስጥ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። ድምፁ የጠፋ ራዲዮ ሲመጣላቸው ቶሎ አይፈቱትም። ባለቤቱን አስቀምጠው የት እንደሚያኖረው፣ ምን እንደፈሰሰበት፣ ማን እንደነካው ያስወሩታል። ከድጁ ሽቦ መበየድ የተማረችው ከእጃቸው ነው፤ ማዳመጥን ግን ከዝምታቸው። ከባሏ ከአብዱላሂ ጋር ቴፒ ሲገቡ እሱ ሞተሩን፣ እሷ ኤሌክትሪኩን ተካፍለው ይሠሩ ነበር። በኋላ እሱ ወገቡን ታሞ ወደ ሱቅ ንግድ ሲዞር ጋራዡ የእሷ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሹፌሮች ሰላም ካሏት በኋላ ዙሪያውን እያዩ፣ «ባለሙያው የለም?» ይሏት ነበር። «አለ» ትላቸዋለች፣ ኮፈኖውን እየከፈተች።

የቡና ለቀማው በጦፈበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አንድ ነጭ ሚኒባስ እየተንገጫገጨ መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ። ከመሪው ላይ ጋሽ ወልደአማኑኤል ወረዱ፤ ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው። በጎን በኩል የእህታቸው ልጅ ልዩ ወረደች። ልዩ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ትነግዳለች፤ ሚኒባሱም የእሷ ነው። እንደወረደች እጇን ዘርግታ ቁልፉን ከአጎቷ ተቀበለች።

«ወደ ጌጫ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለች። «ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ይቀድመዋል። ሌላ ጋራዥ ኦክስጅን ሴንሰር ነው ብለው ቀየሩልኝ። የሞተሩ መብራት ጠፋ፣ ተመልሶ በራ። አሁን የቀረኝ ሹፌሩን መቀየር ነው።»

ይህን ስትል አጎቷን አላየቻቸውም። እሳቸው ግን ሰምተዋል። የመንገዱ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መሪ ላይ ነው የኖሩት፤ መጀመሪያ የቡና ካሚዮን፣ በኋላ አውቶቡስ፣ አሁን ይቺ ሚኒባስ። ከዚህ በኋላ የሚያስነዳቸው ሌላ ሰው የለም።

«እግርዎ ከብዷል ነው የምትለኝ» አሉ ለከድጁ፣ እንደ ቀልድ። «እኔ እንኳ ለመኪናዋ ነው የማዝነው። ይኸው ለዚህ አቧራ ስል ራሷን ሳልቀባት ከቤት አላስወጣትም።»

«ፀጉር አላት እንዴ ጋሼ?» አለች ልዩ።

ከድጁ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ የምርመራ ማሽኗን ሰካች።

ማሽኑ የተናገረው ያው ለሌላው ጋራዥ የተናገረውን ነበር፦ ነዳጅ አንሷል፣ አየር በዝቷል።

«ሁለት ዘበኞች አሉሽ» አለቻት ለልዩ። «ኤር ሴንሰሩ ፊት በር ላይ ቆሞ የሚገባውን አየር ይቆጥራል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ጓሮ በር ላይ ሆኖ የሚወጣውን ጭስ ያሸታል። ነዳጅ አንሷል እያለ የሚጮኸው የጓሮው ነው። እናንተ የጮኸውን አባረራችሁት።»

«ውሸቱን የሚጮህ ቢሆንስ?»

«እስኪ እንጠይቀው።»

መለኪያ ቴስተሯን ከአዲሱ ኦክስጅን ሴንሰር ሽቦ ጋር አገናኘች። ልዩ ሞተሩን አስነሣችላት፤ እየሠራ ሳለ አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ ነቀለች፤ ቁጥሩ ወረደ። ቱቦውን መልሳ በአየር መግቢያው በኩል ጥቂት ነዳጅ ነፋች፤ ቁጥሩ ዘለለ። አየር ሲበዛ በዛ፣ ነዳጅ ሲበዛ በዛ ይላል፤ አንዴም አልተሳሳተም። ቀጥላ የተቀየረውን አሮጌውን ሴንሰር ጠየቀች። ልዩ በጋዜጣ ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር። ከድጁ ጫፉን በጋዝ እሳት ስታግለው ቁጥሩ ወጣ፤ ከእሳቱ ስታርቀው ተመለሰ። ጥቁር ሆኗል እንጂ አእምሮው ንጹሕ ነው። «ይሄም በግፍ የተባረረ ነው» ብላ ሁለተኛው ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው።

አሁን ወደ ፊት በር ዞረች። የኤር ሴንሰሩን ሶኬት ነቅላ ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነዳጅ እንዲሰጡ ጠየቀቻቸው። ሲያቃስት የነበረው ሞተር፣ ቆጣሪው ዝም ሲል፣ ሳይደናቀፍ ጮኸ። ልዩ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን መልሳ ያዘች። ሴንሰሩን ፈትታ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። ውስጡ ያለው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ዘይት ጠጥቷል፤ በዘይቱ ላይ የመንገዱ ቀይ አቧራ ተጋግሮበታል። ሽቦው አየሩ ሲያልፍ አይሰማውም፤ ስለዚህ አሳንሶ ይቆጥራል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ያንሳል።

ሽማግሌው «ራሷን ሳልቀባት» ያሉት ነገር ያኔ ተመልሶ መጣባት።

ከድጁ ሴንሰሩን በመዳፏ ያዘች። አሁን ብትናገር፣ ልዩ እጅ ላይ ያለው ቁልፍ ወደ ሽማግሌው አይመለስም። ዝም ብላ አጽድታ ብትሰጣቸው ደግሞ፣ ነገ ጠዋት ዘይቱ ተቀብቶ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው ጨርሶ ይባረራሉ። አባቷ የራዲዮ ጉድለት ደብቀው አያውቁም፤ ባለቤቱን ግን ራሱ እንዲደርስበት ያደርጉት ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ያ የቡና ካሚዮንዎ የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ እንዴት ያለ ነበር?»

ፊታቸው በራ። «የዱሮ ፊልትሮ ነዋ! ከሥሩ ዘይት የሞላበት ሳህን አለው። አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራው እዚያው ይሰምጣል። ዘይቱን ካልሞላሽለት ሞተሩን ትበይዋለሽ።»

«የዚችንስ እስኪ ያሳዩኝ።»

ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱ። የወረቀቱን ፊልትሮ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ጣታቸው ዘይት ይዞ ተመለሰ። ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ከድጁ የያዘችውን ቀጭን ሽቦ አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «ፊልትሮውን የምቀባው ዘይት ነው ተነሥቶ እዚህ የተቀመጠው።»

«አዎ ጋሼ» አለች ከድጁ። አላድበሰበሰችውም። «ለካሚዮኑ ልክ ነበሩ። ይቺ ግን ደረቅ ወረቀት ነው የምትፈልገው።» ወደ ልዩ ዞረች። «በየጠዋቱ ኮፈኖ ከፍቶ የሰው መኪና የሚንከባከብ ሹፌር ካገኘሽ እኔም አሳዪኝ።»

ከድጁ ሽቦውን በጨርቅ ሳትነካ በማጽጃ ጋዝ ነፍታ፣ ነፋስ ላይ አድርቃ መለሰችው፤ ፊልትሮውንም በአዲስ ቀየረችው። ሽማግሌው በዚህ ሁሉ መሀል ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

«ከድጁ» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚያ ሁለተኛው ሚስማር ላይ ለእኔ ቦታ አይጠፋም።»

«እርስዎ እዚያ አይሰቀሉም ጋሼ» አለች ልዩ። «እነዚያ ጥፋት የለባቸውም፤ እርስዎ አጥፍተዋል።» ቁልፉን አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችው። «ደግሞም አልተባረሩም።»

ሚኒባሱ ወደ ጌጫው ዳገት ዞረ። ከድጁ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መንገዱ ዳር ቆማ አዳመጠች። አቀበቱ ሲጀምር ጋሽ ወልደአማኑኤል ማርሽ ቀነሱ፤ ድምፁ ሳይቆረጥ ከፍ አለ፣ ከዛፎቹ በላይ ወጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሰላም ሊላት ሲጠጋ፣ ከድጁ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስቆመችው፤ ሞተሩ አልፎ እስኪጠፋ ድረስም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።