የሚስተር ሬይ ጣቶች

ለልጄ የገዛሁት የቤዝቦል ጓንት ቆዳው ሲሸተኝ፣ በልጅነቴ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወደነበረን የሐበሻ ምግብ ቤት ሚስተር ሬይ የገቡበት ቀን ትዝ አለኝ።

ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብለው ኳስ ሲቀልቡ የጨረሱ ፕሮፌሽናል ካቸር። እናቴ ልትጨብጣቸው እጇን ስትዘረጋ የእጃቸውን አንጓ ሰጧት። እኛ ሐበሾች እንዲያ የምናደርገው እጃችን ሲቆሽሽ ነውና፣ ሮጣ ማስታጠቢያ አመጣች።

«ዎሽ፣ ዎሽ፣ ኖ ፕሮብሌም!» አለቻቸው፣ ታጠቡ ለማለት።

እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው በሙሉ ተሰብረው፣ ተጣመው የገጠሙ ነበሩ። እናቴ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ድሮ እነዚህን ጣቶች ኳስ አያመልጣቸውም ነበር» አሉ ሚስተር ሬይ፤ «አሁን ሹካ ያመልጣቸዋል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ከእኔ ሌላ የሳቀ የለም።

«ማሚ፣ ኮቹ ካቸር አደረገኝ!» አለኝ ልጄ አሁን፣ ጓንቱን ሊያጠልቅ እየተጣደፈ።

ቀጥ ያሉ ጣቶቹን ያዝኳቸው፤ መልቀቅ ግን አቃተኝ።