የቱልቱላው እናት እና የቁስለኞቹ ፎቶግራፍ

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት አንድ ልጅ ነበር፤ እሱም ጦርነቱ ሲነሳ ዘመተ። ሰፈሩ ሁሉ «ቱልቱላው» ነበር የሚለው። አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ሲበላም ሲተኛም ያወራል። «ምላስህ አይደክመውም እንዴ?» እያለች ስትቆጣው ኖራ፣ ሲሄድ ቤቱ ጭር አለባትና ከመርፌዋ ጋር ማውራት ጀመረች።

እግሩን ቆስሎ ጦር ሆስፒታል መግባቱን ሰምታለች። «እግሩን ብቻ ነው፣ ይድናል» ብለዋታል። አንድ ቀን ታዲያ እህል ጭኖ ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ የሚመላለስ ባለጋሪ በሯን አንኳኳና በጨርቅ የተጠቀለለ ካርቶን ሰጣት።

«እትዬ፣ ልጅዎ ነው የላከው። እኔ እንኳ አላየሁትም፤ በር ላይ አንዲት ነርስ ናት የሰጠችኝ።»

ፎቶግራፍ ያኔ ገና ብርቅ ነበር። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ግራና ቀኝ የብረት አልጋዎች ተደርድረዋል፣ መሐል ላይ የከሰል ምድጃ አለ፣ ቁስለኞቹ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የአንዱ ጢማም ጢም ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። ከጢማሙ አጠገብ ያለው የለበሰውን ሸሚዝ ግን ወዲያው አወቀችው፤ ኮሌታውን በድርብ ስፌት የዘመዘመችው ራሷ ናት። ከኮሌታው በላይ ፊት የለም። ጭስ የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ።

ፎቶውን እንደያዘች እየሮጠች ወጣች።

«ዋሽተውኛል» አለች ለጎረቤቷ።

«ኧረ ተይ! ፊት የሌለው ሰው ፎቶ ይልካል?»

«አፍ ካለውማ አንዲት ቃል ሳይጨምር ይልካል? እሱ ዝም የሚል ልጅ ነው?»



በማግስቱ ባለጋሪው ወደ ከተማው ሲመለስ ሰፊዋ መቀስና መርፌዋን ይዛ የእህል ጆንያው ላይ ጉብ ብላለች። ምንም ቢገጥማት እንዳታለቅስ፣ እንዳትደነግጥ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትመክር ሄደች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዋና ነርሷ አስቆመቻት። «ማንን ፈልገው ነው እማማ?»

ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት ከወዲያኛው ክፍል አንድ ድምፅ ጮኸ፤ «በቅሎዋማ ሻለቃውን ጭቃ ውስጥ ጥላው ሄደች እላችኋለሁ!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«እሱን» አለች ሰፊዋ። «እሱን ነው የምፈልገው።»

«ውይ፣ ይውሰዱልን!» አለች ነርሷ ሳቋ አምልጧት።

ምክሯ ሁሉ ገደል ገባ። እያለቀሰች ሮጣ ሁለት ጉንጩን ያዘች፤ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ግንባሩን ዳሰሰች። ከዚያ ትከሻውን በጥፊ አለችው።

«ፊትህን የት አድርገኸው ነው?»

«ይኸው እኮ፣ እማዬ! አንቺው እየጨመቅሽው!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ፎቶ አንሺው የፎቶ ማንሻ ሳጥኑን ክዳን እስኪመልስ ድረስ ማንም ንቅንቅ እንዳይል፣ የተንቀሳቀሰ ጭስ ሆኖ እንደሚቀር አስጠንቅቆ ነበር። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። መሐል ላይ ዝንብ መጥታ ጢማሙ አፍንጫ ላይ አረፈች።

«እና እንዴት አልስቅ?» አለ ቱልቱላው። «ራሴን ግራና ቀኝ ስወዘውዝ አለቀ።»

«እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም» አለ ጢማሙ ኮራ ብሎ።

«ታዲያ ፊትህ ከሌለ ለምን ላክኸው?» አለች እናቱ።

«ሸሚዙ አምሮ ወጥቷላ! ደስ ይበላት ብዬ ነው። መልእክቱንማ ለነርሷ ነግሬያት ነበር፤ ረዝሞባት ረሳችው መሰለኝ።»

አድራ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ጠዋት ግን የአልጋዎቹን አንሶላ አየችና «ይኼ ምኑ አንሶላ ነው፣ ወንፊት እንጂ!» ብላ መርፌዋን አወጣች። በሳምንቱ ያልሰፋችው አንሶላ፣ ያልተከለችው ቁልፍ አልቀረም፤ ዋና ነርሷም መስኮት ሥር ወንበር ሰጥታ በደሞዝ ቀጠረቻት።

ልጇ ድኖ ጋሪው ላይ ሲወጣ እሷ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ!»

«አንተ ቀድመህ ሂድ። እነዚህን ልጆች ቁልፋቸው ወልቆ ለማን ልተዋቸው?»

ጦርነቱ አብቅቶ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቱልቱላው የፊት ክፍሏን ፀጉር ቤት አድርጎት፣ የስፌት ጠረጴዛዋን ጓሮ አውጥቶት ጠበቃት። ሦስት ቀን ተኳረፉ። በአራተኛው ቀን ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ መጋረጃ ሰፋችና ራሷ ሰቀለችው፤ ጠረጴዛዋንም ከጓሮ አምጥታ ከመጋረጃው ወዲህ አቆመች።