ለጀርባ የሚሰጥ ሰላምታ

የመዝገብ ቤቱ አባባ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ከበሩ ብቅ ሲሉ፣ ጸሐፊዋ ሰዓት ማየት አያስፈልጋትም ነበር፤ ልክ ሁለት ሰዓት ነው። የካኪ ጃኬታቸው አንገትጌ አልቋል፣ ቁልፎቹ ግን እንደ መስታወት ያበራሉ። ጦር ሜዳ የዋሉ ሰው ናቸው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከእጃቸው አንድ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይገርማት ነበር። ዋና ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፉ አባባ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የወታደር ሰላምታቸውን የሚሰጡት ግን ሰውየው ካለፉ በኋላ፣ ለጀርባቸው ነው። "እርጅና ነው፣ እጃቸው እየዘገየ ነው" ትል ነበር በሆዷ።

አባባ ጡረታ በወጡበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊው የአገልግሎት ሜዳሊያ በአባባ ደረት ላይ ሰክተው ሳቅ አሉ።

"የጥንት አዛዥህ አይደለሁም እንዴ? ሰላምታዬስ?"

የአባባ እጅ ንቅንቅ አላለም።

"ዞር ይበሉልኝ ጌታዬ" አሉ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር በሚሰማ ድምፅ። "ያን ቀን እግሬን ተመትቼ ስጣራ፣ ጥለውኝ ሲሮጡ ያየሁት ጀርባዎን ነው። የማውቀው እሱን ነው።"

ኃላፊውን ላብ አጠመቃቸው፤ ከአዳራሹ ለመውጣት ደግሞ የግድ መዞር ነበረባቸው።

ሲዞሩ፣ የአባባ እጅ ወደ ግንባራቸው ወጣ።