ኮፈኑ የሞቀ ይቀመጥ

ክላክሶ የሚለውን ስም ያወጡለት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ሰውየው መጋረጃ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መስኮት ሲለካ ኖሮ አሁን ሴት ልጁ ቤት፣ ጓሮ ባለችውና ከዋናው ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራው ክፍል ውስጥ ከስፌት መኪናው ጋር ይኖራል። ደጅ ላይ ደግሞ በሸራ የተሸፈነች፣ የቅቤ ቀለም ያላት አሮጌ መኪና አለችው። ከዚህች መኪና የሚሠሩት ፍሬኗና ክላክሷ ብቻ ናቸው። ግን ምን ዓይነት ክላክስ! አንዴ ከተጫኑት የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከእንቅልፉ ተነስቶ ያለቅሳል።

መኪናዋ ሞተር የላትም። ተበላሽቷል ማለቴ አይደለም፤ የለም። ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ በነበረች ጊዜ አስወልቆ ሸጦታል። እሷም አልዳነች፣ ሞተሩም አልተመለሰ። ይህን የሚያውቁት እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። ልጁ የታሸገ ውኃ በፒካፕ እያዞረች የምታከፋፍል፣ ከሱቅ ሱቅ ስትበር የምትውል ሴት ናት። አባቷን ትወዳለች፤ የመኪናዋን ግን ዓይን ማየት አትፈልግም።

"አባዬ፣ ይቺን ቆርቆሮ እንሽጣትና ቦታው ይለቀቅልኝ። ካርቶን የማስቀምጥበት አጣሁ እኮ" ትለዋለች።

"ከቁርሱ በኋላ እናወራለን።"

"አምናም ከቁርሱ በኋላ ብለህ ነበር።"

"ታዲያ አምና ከቁርሱ በኋላ መቼ ቤት ነበርሽ?"

ቁርሱ ማለት የጥንት መኪና ወዳጆች ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ከከተማው ጫፍ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ሜዳ ላይ የሚያዘጋጀው ነው። ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ማርማላታና ሻይ ይቀርባል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ሜዳው መግቢያ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን መኪና ኮፈን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ከሞቀ መኪናው በሞተሩ መጥቷል ማለት ነውና "ኮፈኑ የሞቀ ይቀመጥ!" ብለው ባለቤቱን ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ይሰዱታል። ከቀዘቀዘ ግን ተጎትቶ የመጣ ነው፤ ባለቤቱ በታክሲ ከመጡ እንግዶች ጋር ዛፍ ሥር ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ይቀመጥና ከዚያው ቀን ጀምሮ ከማኅበሩ ይሰረዛል። ሊቀመንበሩ ስለ መኪና ቅንጣት አያውቁም። የተማሪ ግንባር እየዳሰሱ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳስመሰለ ሲለዩ ስለኖሩ ግን መዳፋቸውን ያምናሉ።

ለአንድ እንቁላል ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንቁላሉ አይደለም። ክላክሶ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ብቻውን ነው። ልጁ ጠዋት ቆማ ጎርሳ ትወጣለች፣ ማታ ደክማ ትገባለች። ምግቡ ተከድኖ ይጠብቀዋል፤ ሰው ግን አይጠብቀውም። በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ግን በግራው ባለዳቦ ቤቱ፣ በቀኙ ባለፋርማሲዋ ይቀመጣሉ። አንዱ ጨው ያቀብለዋል፣ አንዷ ምነው አልበላህም ብላ ትቆጣዋለች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስለ አበላሉ የተቆጣው ሌላ ሰው የለም። ያንን ወንበር ከሚያጣ ጣቱን ቢያጣ ይመርጣል፤ ለሰፊ ደግሞ ጣት ቀላል ነገር አይደለም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዘዴ ፈጠረ። በቁርሱ ዕለት ማለዳ የድሮ የከሰል ካውያውን ያቀጣጥልና ሞተሩ በነበረበት ባዶ ቦታ ጡብ ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ እየተነጫነጨች በፒካፗ ጎትታ ከቁልቁለቱ አናት፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ታደርሰዋለች። እዚያ ገመዱን ፈትቶ፣ ፍሬኑን ለቆ፣ በዜሮ ማርሽ ይንደረደራል። የሞተር ድምፅ አለመኖሩ እንዳይታወቅበት እስከ ታች ድረስ ክላክሱን አይለቅም።

ዙሪያውን ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልደረሰበት። ባለዳቦ ቤቱም ሲወርድ ክላክሱን አይለቅም። ባለፋርማሲዋም እንደዚያው። ሊቀመንበሩ ይህን የደስታ መግለጫ ነው ብለው በደንቡ ውስጥ አስገብተውታል። በሌላው፣ በዳገቱ በኩል የመጣ አባል ደግሞ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ታይቶ አያውቅም። ሲለያዩማ ጉድ ነው! "ይቅደሙ"፣ "ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም" ሲባባሉ ይመሻል፤ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ የታየ ሰው የለም። የከተማው ሰው ግን "እንዴት ቢዋደዱ ነው ቁርስ በልተው እስከ እራት የማይለያዩት?" እያለ ይቀናል።

አምና ሊቀመንበሩ የክላክሶን ኮፈን ዳስሰው "ለብ ብሏል" ብለው ነበር፤ ቅር ባለው ድምፅ። ያቺ ቃል ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችው። ስለዚህ ዘንድሮ ከሰሉን ጨመረ፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥም ካውያውን ከደንበኛ በተረፈ ወፍራም የከፈይ መጋረጃ ዙሪያውን ሸፈነው። ይህን ያደረገው በካውያ እንጀራውን ሲበላ የኖረ ሰው ነው። ፍርሃት እንዲህ ነው፣ ሙያን ያስረሳል።

እየጮኸ ወረደ። ሊቀመንበሩ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና "ውይ!" ብለው እጃቸውን ነጠቁ።

"አቶ ክላክሶ፣ ይሄ ኮፈን ነው ወይስ ምድጃ? ኮፈን ማለት እንዲህ ነው! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!"

ክላክሶ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ገና እንቁላሉን ልጦ ሳይጨርስ ግን ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ወጣ።

"መኪናህ እየጨሰ ነው" አለው ባለዳቦ ቤቱ።

"ሞተሩ ነው" አለ ክላክሶ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ጤነኛ ሞተር መጨስ ይወዳል።"

ጠረጴዛው ሁሉ በቅናት ተመለከተው። የሚነድ ሞተር የሚሠራ ሞተር ነዋ! ባለፋርማሲዋ "ታድለህ" አለችው ከልቧ። ጭሱ እየጠቆረ ሲሄድ ግን "ኮፈኑን ክፈተው!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ክላክሶ ሮጦ ሄዶ ኮፈኑን በጀርባው ተደገፈና ማንንም አላስነካም አለ፤ ወዲያው ጀርባውን ፈጀውና ዘለለ፤ እንደገና ተደገፈ፤ እንደገና ዘለለ። ባላወቀ ሰው ዓይን የሚጨፍር ይመስል ነበር፤ እንዲያውም ከታክሲ እንግዶች አንዱ አጨበጨበለት።

በዚህ መሐል ከቁልቁለቱ አናት ገመዷን ስትጠቀልል የቆየችው ልጁ ጭሱን አይታ እየሮጠች ወረደች።

"አባዬ! ካውያው! ካውያውን አውጣው!"

"ካውያ?" አሉ ሊቀመንበሩ። መሐረባቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ኮፈኑን ከፈቱ። ባለፋርማሲዋ የማኅበሩን የሻይ በራድ አንስታ እሳቱ ላይ ገለበጠችው። ጭሱ ገለል ሲል ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ጡብ፣ ካውያ፣ ሻይ የጠጣ ከፈይ። ከዚያ በታች ሣሩ ይታያል።

"ሞተሩ የት ሄደ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ሌባ!" ብሎ ጮኸ ባለዳቦ ቤቱ። "አሁን ሲጨስ አልነበር እንዴ? እንቁላል ስንልጥ ነው የወሰዱት!" ሁለት አባላት ሌባውን ፍለጋ ወደ ሜዳው ዳር ሮጡ።

ክላክሶ ልቡ ዘለለች። አዎ፣ ተሰረቅሁ ቢል ወንበሩ ይተርፍለታል፤ እንዲያውም ያዝኑለታል። አፉን ከፈተ። ልጁን አያት። እናቷ ታማ ሳለች ሞተሩ ሲወጣ አብራው ቆማ ነበር። ያንን ሌባ ላይ ማላከክ አልሆነለትም።

"አልተሰረቀም" አለ። "ሚስቴ ታማ ሸጬዋለሁ።"

ሊቀመንበሩ መሐረባቸውን ከእጃቸው እየፈቱ ጠየቁ። "ታዲያ ያለ ሞተር እዚህ ድረስ የሚያመጣዎት የመኪና ፍቅር ነው?"

"የምን የመኪና ፍቅር" አለ ክላክሶ። "ከሰው ጋር ልበላ ነው የምመጣው።"

ሊቀመንበሩ ግን ሕግ ሕግ ነውና በጣታቸው ትንሿን ጠረጴዛ አሳዩት። ሳህኑን ይዞ ወደ ዛፉ ሄደ። እንቁላሏ ሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ትንከባለል ነበር።

ያን ጊዜ ባለዳቦ ቤቱ ተነስቶ የራሱን ኮፈን ከፈተው። የሞተ ሞተሩ ላይ ከምድጃ የወጣ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። "ዳቦዬ ሁልጊዜ ለምን ትኩስ እንደሆነ እንዴት አንድ ሰው አይጠይቀኝም?" አለ። ባለፋርማሲዋ ከሷ ኮፈን ሥር ሙቅ ውኃ የተሞሉ የጎማ ከረጢቶች አንድ በአንድ አወጣች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቅር! አንዱ የሾርባ ድስት፣ አንዱ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አወጣ። ዶሮዋ በነገሩ ተቆጥታለች።

"ይህ ማጭበርበር ነው!" አሉ ሊቀመንበሩ።

"እሳት ካየው ምን ለየው?" አለ ባለዳቦ ቤቱና ሄዶ መዳፉን ማንም ዳስሶት በማያውቀው በሊቀመንበሩ መኪና ኮፈን ላይ አሳረፈ። ቆየ። "ይሄስ? በረዶ ነው።"

"ሊቀመንበር አይዳሰስም" አሉ ሊቀመንበሩ። ግን ሳህናቸውን አነሱና ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ረጅሙ ጠረጴዛ ባዶውን ቀረ፤ ትንሿ ላይ ግን ሰው በሰው ላይ ሆነ። በሕጉ መሠረት ማኅበሩ ያን ዕለት አንድም አባል አልቀረውም።

ልጁ ዳር ቆማ ነበር። ባለፋርማሲዋ ጎትታ ከአባቷ ጎን አስቀመጠቻት። ስልኳ ጮኸ፤ ውኃ የሚጠብቅ ሱቅ ነው። ዘጋችው።

"አባዬ፣ ቤትም እኮ ጠረጴዛ አለን" አለችው ቀስ ብላ።

"ጠረጴዛውማ አለ፣ ልጄ።"

ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ "ጠዋት መቼ ነው የምትነሳው?" አለችው።

"ካንቺ በፊት። ቸኩለሽ ስለምትበዪ እንዳላስተጓጉልሽ ብዬ እስክትወጪ ክፍሌ ውስጥ እጠብቃለሁ።"

ልጁ ክው አለች። "እኔ እኮ ቆሜ የምበላው አንተ ተኝተሃል ብዬ ነው። ወንበር ስጎትት እንዳልቀሰቅስህ።"

አባትና ልጅ ተያዩ። እሷ እንባዋ መጣ፤ እሱ ግን ዳቦውን ለሁለት ቆረሰና ትልቁን ሰጣት።

"ነገ ወንበሩን ጎትቺው" አላት።

"እጎትተዋለሁ፣ አባዬ።"