ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ከደጀን የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ እኔና ታንጉት። እኔ ትዳሬ ፈርሶ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር፤ እሷ ደግሞ አባቷ ሲሞቱ መሬቱን ወንድሞቿ ተካፍለውት ባዶ እጇን ቀረች። ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤት ነን። «አዲስ አበባ እንሂድ» ያለችው እሷ ናት፤ መኪናውን ያናገርኩት፣ ስማችንን ያስመዘገብኩት ግን እኔ ስመኝ ነኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ታንጉት ስሟን ከመጻፍ አታልፍም። በሁለታችን መካከል አዋቂዋ እኔ ነበርኩ። እንደዚያ ነበር የለመድነው።

አባይን ስንሻገር ታንጉት አለቀሰች። መርካቶ ስንገባ ተራው የእኔ ሆነ። እናንተዬ፣ ያ ሕዝብ! በእኛ አገር መንገደኛ ከብቱን ሳይቀር ጠይቆ ነው የሚያልፈው፤ እዚህ ትከሻሽን ገጭቶሽ «ዞር በይ!» ይልሻል፣ ጥፋተኛዋም አንቺ ነሽ። ወተቱ ውኃ ውኃ ይላል። የደጀን ንፋስ ፊት ያጥባል፤ የበርበሬ በረንዳ ንፋስ ግን ዓይን ያቃጥላል።

ሥራ ያገኘነው እዚያው በርበሬ በረንዳ ነው፤ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የዛላውን ጭራ መቀንጠስ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስናነጥስ ሰነበትን። ማታ የምንገባው ሶማሌ ተራ ጀርባ፣ በኮምፔንሳቶ ከተከፈለች ክፍል ነበር። አከራያችን እትዬ ብዙነሽ በሦስተኛው ቀን ጠሩን።

«ሁለት ነን ብላችሁ ነው የገባችሁት?»

«አዎ፣ ሁለት ነን እትዬ።»

«ሳቃችሁ የአምስት ሰው ነው። ቀንሱ።»

በሌላ ቀን ደግሞ ሽሯችን ሸተታቸው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ከአገር ቤት የመጣ ነው።»

«የራሴን ምግብ አስጠላኝ እኮ! ወይ ቅመሱ በሉኝ፣ ወይ በሩን ዝጉ።»

መታወቂያ ልናወጣ ወረዳ ስንሄድ ሰውየው ቀና ሳይል «መሸኛ አላችሁ?» አለን።

አዋቂዋ እኔ አይደለሁ? «አዎ፤ እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታናለች» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የቀበሌ ደብዳቤ ነው ያልኩሽ፣ እህቴ። እናትሽ ማህተም አላት?»

ደብዳቤው ከአገር እስኪመጣ ክረምቱ ወጣ። መታወቂያውን በወሰድን ሰሞን ወረዳው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ አንድ ድርጅት ኑሮ የከበዳቸውን ሴቶች አሠልጥኖ፣ መሣሪያ ሰጥቶ፣ ሼድ ውስጥ መሥሪያ ቦታ ያሲዛል። ሁለታችንም ተመዘገብን። የሁለታችንንም ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። የታንጉትን አሳምሬ ጻፍኩላት፤ በርበሬ አዘጋጅታ፣ አሽጋ መሸጥ ነበር ሐሳቧ። ከፎርሙ ግርጌ «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ» ይል ነበር። እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም ታንጉትን እንዴት እንደማጽናናት ሳስብ ነበር።

ለቃለ መጠይቁ አብረን ገባን። እኔ እንደ ደብዳቤ አነበነብኩ። ታንጉት ግን «ምን ትችያለሽ?» ስትባል፣ «በርበሬን አሽትቼ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«ሁሉም ያስለኛል፤ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ነው የሚያስለኝ።»

ጠያቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «አለሁበት?» አለችኝ ክንዴን ይዛ። ስሟ አራተኛው ነበር። የእኔን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈለግኩት። አንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «የለሽበትም» ልላት ነበር። «አለሽበት» አልኳት። እዚያው መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝ፤ እኔ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ሥልጠናው ከጀመረ በኋላ ነው የባሰው። ነጭ ጋውን ሰጧት። «ፓኬጂንግ»፣ «ከስተመር» የሚል ቃል ይዛ ትመጣለች፤ ስትሳሳት ሰው ፊት አርማታለሁ። በረንዳው ላይ አብረውን የሚቀነጥሱት ሴቶች «እትዬ ታንጉት» ማለት ጀመሩ። እኩያዬን! ስትተኛ እንኳ ፊቷ ደስ ያለው ይመስለኝና ጀርባዬን እሰጣታለሁ። ቅናት እንዲህ ሆድ የሚያቆስል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እህል አልወርድ አለኝ።

አንድ ከሰዓት አሞኝ ቤት ቀርቼ ሳለ ከድርጅቱ አንዲት ልጅ ፋይል ይዛ መጣች። መሣሪያው ከመሰጠቱ በፊት ታንጉት በእርግጥ እዚህ የምትኖር መሆኗን ልታረጋግጥ ነው።

«እዚሁ ትቆያለች አይደል?» አለችኝ በትሕትና።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «አገሯ ልትመለስ ነው መሰለኝ። እናቷም ታመዋል።»

የታንጉት እናት አንድም ቀን አልታመሙም። ልጅቷ ጻፈች፣ አመስግናኝ ሄደች። ታንጉት ከወጣች ቦታው የእኔ ይሆናል ብዬ ነበር። ለማላውቃት ሴት ተሰጠ።

ታንጉት ስሟ ሲሰረዝ ሦስት ቀን አልበላችም። «አነጋገሬን ንቀውት ነው» አለችኝ። «አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እንዲህ አያደርጉሽም ነበር።» አባበልኳት። ያንን ማባበሌን ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል።

የተቆጡት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ታንጉት ሥራ ላይ ሳለች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «ልትሄድ ነው ተብሎ ነው አሉ የተሰረዘችው! አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፤ ማመልከቻ ጻፊ!» አሉኝ። እናም የገዛ ውሸቴን የሚቃወም ማመልከቻ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ወረዳ ሄደን ጠረጴዛ መቱ፤ «ይቺ ልጅ የትም አትሄድም! ላስወጣት ብል እንኳ የምትወጣ አይደለችም!»

ኃላፊዋ ፋይሉን ገለጠች። «ትሄዳለች የተባለው ከቤትዎ ነው፣ እናቴ።»

እትዬ ብዙነሽ ቀስ ብለው ዞሩና አዩኝ። ስንመለስ በራቸው ላይ ቆመው፣ «እኔ አልነግራትም። ተሸክመሽው ኑሪ» አሉኝ።

ማመልከቻው ሠርቶ በሚቀጥለው ዙር ታንጉት ገባች። ዛሬ ሼድ ውስጥ ቦታ አላት፤ ሚዛን አላት፣ ላስቲክ ማሸጊያ አላት፤ ከገጠር የመጡ ሁለት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። እኔም እሷ ዘንድ ነኝ። «ጽሕፈቱን ካንቺ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?» ብላ ነው የወሰደችኝ። በየእሽጉ ላይ «የታንጉት በርበሬ» ብዬ እጽፋለሁ። ስሟን በጻፍኩ ቁጥር ያ ቅናት ይመለስብኛል። ሻል ይለኛል ስል ደግሞ አንዷ ደንበኛ መጥታ «ባለቤቷ የት አለች?» ትለኛለች።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ስደውል የታንጉት እናት አጠገቧ ነበሩ። ስልኩን ተቀበሏት።

«ስመኝ፣ ልጄን ሰው ያደረግሻት አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ማመልከቻውን በእጅሽ ጽፈሽ እንዳስመለስሽላት ነግራኛለች። ማኅፀንሽ ይባረክ። የእሷን ያህል ይስጥሽ።»

«አሜን፣ እማማ» አልኩ። ታንጉት ከሼዱ ወዲያኛው ጥግ ሴቶቹን እያሠራች ትስቃለች። የሳቋ ድምፅ እስከ ስልኩ ይደርሳል።

እናቴ ስልኩን መልሳ ያዘች። «አንቺስ?» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። «የአንቺስ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ኔትወርኩ አስቸግሮኛል፣ እማዬ፤ መልሼ እደውላለሁ» አልኳት።

እስካሁን አልደወልኩም።